ዜሮ ያመጡት የኩሪባታ ጥርሶች

ለሂናሳካ ከተማ ጽሕፈት ቤት የጤና ማሳደጊያ ክፍል ኃላፊ
ለክቡር አቶ ማኪሺማ ዮሪሂሳ

ካኪ የሚባለው የዛፍ ፍሬ መቅላት፣ የማለዳው ብርድም ጣት መቆንጠጥ በጀመረበት በዚህ ሰሞን እርስዎ፣ ባለቤትዎና በሦስተኛው ፎቅ ያሉት ባልደረቦችዎ ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎ የተሟላ፣ የምግብ ፍላጎትዎ የተከፈተ፣ ጥርስዎም ከላይም ከታችም በየቦታው የጸና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኛ የኩሪባታ ሰፈር ሰዎች፣ እርስዎ ራስዎ በከተማው ጋዜጣ እንደመሰከሩልን፣ እጅግ በጣም ደህና ነን። ይህን ያህል ደህና መሆናችንን ከጋዜጣው ባናነብ ኖሮ በራሳችን ልንደርስበት አንችልም ነበርና በቅድሚያ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ስሜ ኦሪካሳ ፉሳኤ ይባላል፤ ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በሂናሳካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምሳ አብሳይ ስለነበርኩና እርስዎም የዚሁ ከተማ ልጅ ስለሆኑ ከእጄ ሳይበሉ አልቀሩም፤ ካሮታቸውን ከሩዙ ሥር ይደብቁ ከነበሩት አንዱ እንዳልነበሩ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ኦሪካሳ ታሞትሱ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ወደ አውራጃው ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል። ይህን የምዘረዝርልዎ ለመታወቅ ብዬ ሳይሆን፣ ክፍልዎ ስለ እኛ የሚያውቀው ሁለት መስመር ዜሮ ብቻ መሆኑን ስለተረዳሁ ነው።

ደብዳቤዬን በግልጽ በጋዜጣ ማውጣቴም እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። ሦስት ጊዜ በፖስታ ልኬልዎ ሦስቱንም ጊዜ «ደብዳቤዎን በታላቅ አክብሮት ተቀብለናል» የሚል፣ የአበባ ሥዕል ያለበት ውብ ካርድ ደርሶኛል። አራተኛውን ካርድ የማኖርበት ቦታ መሳቢያዬ ውስጥ ስለጠፋ ነው ወደዚህ የመጣሁት።

አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ባለፈው ግንቦት ክፍልዎ አንድ ትልቅ ነገር አሰበ፦ የአፍና የጥርስ ጤና የአዋቂዎችን ኑሮ ምን ያህል እንደሚነካ በቁጥር ለመለካት። አሥራ አራት ጥያቄዎች ናቸው። ማኘክ ያስቸግርዎታል ወይ፣ ከሰው ጋር መብላት ያሳፍርዎታል ወይ፣ በጥርስዎ የተነሳ ሥራዎ ተስተጓጉሎ ያውቃል ወይ፣ ሕይወት ደስታ አጥቶብዎታል ወይ የሚሉ። «በጭራሽ» ከሆነ ዜሮ፣ «ሁልጊዜ» ከሆነ አራት ይጻፋል፤ ድምሩ ሲያንስ ሰውየው ደልቶታል፣ ሲበዛ ተቸግሯል ማለት ነው። ጥያቄዎቹን ሳያቸው፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ሆዴ ባባ። እነዚህን ነገሮች ማንም ጠይቆን አያውቅም። እኔ ራሴ ከባለቤቴ ጋር አርባ ዘጠኝ ዓመት ስኖር አንዱንም ጠይቄው አላውቅም። ስለ ጥያቄዎቹ ያለኝ ምስጋና ከልብ ነው፤ የቀሩት ምስጋናዎቼ ግን እንደ ቅደም ተከተላቸው ከዚህ በታች ያሉት ናቸው።

1ኛ. በመጀመሪያ የማመሰግንዎ ስለ ብልሃትዎ ነው። ወደየቤቱ ጠያቂ መላክ ወይም ለእያንዳንዱ ሰው ፖስታ ማደል ሲቻል፣ እርስዎ ግን መጠይቁን በአንድ ትልቅ ወረቀት አስፍረው ከቤት ወደ ቤት በሚዞረው የሰፈራችን ሰሌዳ ላይ አያይዘው ላኩልን። ሰሌዳውን ያውቁታል። የቆሻሻ ማውጫ ቀን፣ የቦይ ጠረጋ ተራ፣ የጠፋች ድመት ማስታወቂያ ተያይዞበት ይመጣል፤ አንብበን ማኅተማችንን እናሳርፍና ለጎረቤት እናቀብላለን። በዚያ ሰሞን ደግሞ አርባ አንድ ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ይዞ መጣ፤ በአንድ በኩል የሃያ ሦስቱ ቤት አዋቂዎች ስም፣ በሌላው በኩል ለእያንዳንዳችን አሥራ አራት ባዶ ሳጥን። አንዱ ቤት የጻፈውን ቀጥሎ ያለው ቤት እያነበበ ይጽፋል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ እንደ ደንቡ የሰፈራችን ማኅበር ሊቀመንበር የአቶ ሂሩማ ጎኢቺ ነው። አቶ ሂሩማ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ሃያ ስምንት ጥርስ ያላቸው፣ የዋልነት ቅርፊት በመንጋጋቸው እየሰበሩ ለሰፈሩ ልጆች የሚያሳዩ ሰው ናቸው። በሐቅ አሥራ አራት ዜሮ ጻፉ። ሰሌዳው ቀጥሎ የደረሰው በቀኝ በኩል ማኘክ ካቆሙ ዓመታት ላለፏቸው ለወይዘሮ ኒሺዋኪ ቶኩኮ ነው። እርሳቸው ዘንድ ሁለት ሌሊት አደረ። በሦስተኛው ቀን በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ «ሊቀመንበሩ ዜሮ ብለው ጽፈው እኔ ከሥራቸው አራት አራቱን ልደርድረው? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ የሰፈሩን ውጤት እኔ ነኝ ወይ የማበላሽ?» አሉኝ። «ታዲያ ምን ጻፉ?» ስላቸው፣ «ዜሮ ነዋ! ትንሽ ጠመም ያለ ዜሮ» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የእርስዎ ጥናት ሳይሆን የእኛ ይሉኝታ ነው። ሦስተኛው ቤት ሁለቱን አየ፣ አራተኛው ሦስቱን አየ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወረደ። በአሥራ ሰባተኛው ቤት ያሉት አዛውንት አንድም ጥርስ ስለሌላቸው «የሌለ ነገር አያመኝም» ብለው በንጹሕ ሕሊና ዜሮ ጻፉ። በአሥራ ዘጠነኛው ቤት ደግሞ አንድ ደፋር ሰው አንዱ ሳጥን ላይ «አንድ» ጽፎ ኖሮ፣ በነጭ ማጥፊያ ቀለም ሸፍኖ በላዩ ዜሮ አክሎበታል፤ በጣት ሲዳሰስ እስካሁን ይሻክራል። አቶ ሂሩማ ይህን ሁሉ ሲሰሙ እጅግ ተሰማቸው። «እኔ እኮ እውነቴን ነው የጻፍኩት፤ ምነው መጨረሻ ላይ በጻፍኩ ኖሮ» እያሉ በየቤቱ ዞረው ይቅርታ ጠየቁ፤ እኛም በየቤታችን «ኧረ ምንም አይደል፣ እኛም እኮ እውነታችንን ነው» ብለን ሸኘናቸው።

2ኛ. ሁለተኛው ምስጋናዬ ውጤቱን አምነው ስለተቀበሉ ነው። አማካይ ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት የሆነ አርባ አንድ ሰዎች አንድም ቀን ጥርሳቸውን አላመማቸውም፣ ድዳቸው አልደማም፣ ትኩስ ሾርባ ሲጠጡ አልጠዘጠዛቸውም፣ በጥርሳቸው መሀል የሰሊጥ ፍሬ እንኳ ገብቶ አላስቸገራቸውም። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲያይ «አይ፣ እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ» ብሎ ራሱን ያክ ነበር። እርስዎ ግን በሰው ላይ ክፉ የማያስቡ ደግ ሰው ስለሆኑ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ደምረው በጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ «ኩሪባታ፦ ፈገግታ የማይጎድልባት ሰፈር» የሚል ርዕስ አወጡልን። ፎቶግራፉን ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ። መሀል ላይ አቶ ሂሩማ ጥርሳቸውን ገልጠው፣ ግራና ቀኛቸው ደግሞ ሁላችንም አፋችንን ግጥም አድርገን ቆመናል።

3ኛ. ሦስተኛው ስለ ነጩ መኪና ነው። በየወሩ የመጀመሪያና ሦስተኛ ሐሙስ የጥርስ ሐኪሟን ዶክተር ኡሳሚን ይዞ፣ ውስጡ የሕክምና ወንበር ተገጥሞለት፣ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ መጋዘን ፊት ይቆም የነበረውን መኪና «ፍላጎት ባለመኖሩ» ብለው ከሰኔ ጀምሮ ወደ ኒሺኖሴ ሰፈር አዘዋውረውልናል። ኒሺኖሴዎች ሰሌዳቸው በዚያ ሰሞን ተሰብሮ ስለነበር መጠይቁን በየግል ፖስታ አሽገው ነው የሞሉት፤ በዚህም የተነሳ የሚያሳዝን ውጤት አምጥተው አሁን በየሳምንቱ መኪና ይሄድላቸዋል። አልቀናሁባቸውም። ትንሽ ቀንቻለሁ።

ዶክተር ኡሳሚ ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ስታናግር ከወንበሩ ዝቅ ብላ፣ ተንበርክካ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ነው። ባለፈው ሚያዝያ ለባለቤቴ የታች መንጋጋ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባችለት። እንዲህ ያለ ጥርስ ገብቶ የሚተው ነገር እንዳልሆነ ያስረዳችን እሷ ናት። ድድ ከዕድሜ ጋር እየከሳ ይሄዳል፣ ጥርሱ ግን አብሮ አይከሳም፤ ስለዚህ በየጊዜው እየሞረዱና እየደለደሉ ካላስማሙት ይላላል፣ ይንሸራተታል፣ ያቆስላል። በግንቦት ሦስተኛው ሐሙስ ትከሻውን ቸብ አድርጋ፣ «አቶ ኦሪካሳ፣ ሁለት ሐሙስ ብቻ ይታገሡኝ፤ ከዚያ እንደ ድሮዎ እያወሩ ሰው ያስቸግራሉ» ብላው ነበር። ሁለቱ ሐሙሶች አልመጡም።

አማራጭ እንዳልነሱን አውቃለሁ። በአውራጃው ከተማ ክሊኒክ አለ፤ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። አውቶቡሱ አሁን የሚሄደው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ሲሆን ክሊኒኩ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያየው ረቡዕ ብቻ ነው። ይህን ያህል ተጠንቅቆ ያቀናጀው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ለእሱም እጽፍለት ነበር።

ወደ ክፍልዎ ስልክም ደውያለሁ። ያነሳው ወጣት በጣም ትሑት ነው፤ ያሳደጉት ይባረኩ። «ወይዘሮ ኦሪካሳ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ምንም ችግር እንደሌለባችሁ እዚህ ተመዝግቧል፤ እንኳን ደስ አላችሁ!» አለኝ። «ልጄ፣ ሰውየው መብላት አቅቶታል እኮ» አልኩት። ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝና፣ «እንግዲያው በሚቀጥለው መጠይቅ ላይ ቢያሰፍሩት ጥሩ ነው» አለ። «እሱ መቼ ነው?» አልኩት። «ከአምስት ዓመት በኋላ» አለኝ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ሰማንያ ስድስት ይሞላዋል። «እስከዚያስ ምን ይብላ?» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን አመስግኜ፣ በስልክ ላይ እጅ ነስቼ ዘጋሁት።

4ኛ. አራተኛው ለክፍልዎ ስለተገዛው አዲስ ሶፋ ነበር። ባለቤቴ ረቂቁን ሲያነብ በኅዳጉ ላይ «ይሄ ነገረኛነት ነው» ብሎ ጽፎ ሰረዘው። ልክ ነው፤ ተውኩት። ሶፋው ግን በጣም ያምራል።

5ኛ. «ጽፎ» ማለቴን ልብ ብለውት ይሆናል። ባለቤቴ አሁን የሚናገረው በእርሳስ ነው።

ይህ ሰው ምን ዓይነት ወሬኛ እንደነበር ለማወቅ ከስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ መሳፈር ነበረብዎ። ማይክሮፎኑን ከያዘ ማቆሚያዎቹን ጠርቶ አያበቃም፤ የማን ሩዝ እንደደረሰ፣ የማን ልጅ እንደተመረቀች፣ የትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ ለመንገደኛው ሁሉ ይተርክ ነበር። ኩባንያው ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠንቅቆታል፤ ማስጠንቀቂያውንም በማይክሮፎን አንብቦላቸዋል። ጡረታ ሲወጣ የአውቶቡሱ ሙሉ መንገደኛ ቀርቶ እኔ ብቻ ተረፍኩለት። ከጠዋት እስከ ማታ አናቴን ሲያዞረው ስንት ጊዜ «እባክህ አንድ ቀን እንኳ ዝም በል!» ብዬዋለሁ። ይኸው ስለቴ ሰመረልኝ።

ጥርሱ ስለሚንሸራተት አንዳንዱን ድምፅ ሲያወጣ ያፏጫል፣ አንዳንዱን ሲያወጣ ጥርሱ ወደ ፊት ብቅ ይልበታል። እስከ ሐምሌ ድረስ እንደምንም ይዞት ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን በሰፈሩ አዳራሽ ቼዝ መሰሉን ሾጊ ሲጫወት፣ አሸንፎ ሊፎክር አፉን ከፈተና ጥርሱ ከጠጠሮቹ መሀል ወደቀ። አብረውት የነበሩት ሁሉ እንዳላዩ ሆኑ። አንዱ መስኮቱን ከፈተ፣ አንዱ ሻይ ቀዳ፣ አንዱ ስለ ዝናቡ አነሳ። እንዳላዩ መሆናቸው ነው ልቡን የሰበረው፤ ቢስቁበት ኖሮ አብሯቸው ይስቅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ አዳራሹ አልሄደም።

አሁን ምግቡን ይዞ ጓዳ ይገባና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይበላል። የሚበላውም የሩዝ ገንፎ ነው። ከሁሉ የሚወደው ራዲሽ የሚባለውን፣ በጨው ተዘፍዝፎ የሚበላውን ቢጫ ሥራ ሥር ነበር፤ ሲቆረጥመው ድምፁ ከመንገድ ይሰማ ነበር፣ እኔም ሁልጊዜ እቆጣው ነበር። ዛሬ እንደ ዱቄት ከትፌ ገንፎው ላይ እነሰንስለታለሁ። አንድ ቀን ሳህኑን ሲመልስ ሥሩ ወረቀት አኑሮልኛል፤ «ጣዕሙ አለ፣ ራዲሹ ግን የለም» ይላል። ስድስት ኪሎ ቀንሷል። ይህንንም የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ሱሪውን ሳጣጥፍ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች አየሁ።

ለእርስዎ ክፍል በሚገባ ቋንቋ ይህ በአሥራ አራቱ ሳጥኖች ውስጥ ስንት እንደሚሆን አላውቅም። በእኔ ቋንቋ ግን ናፈቀኝ ነው የሚባለው። አጠገቤ ተቀምጦ፣ ሻይ እየቀዳሁለት ይናፍቀኛል። እንደዚያ ዝም በል ስለው የኖርኩትን ሰው አሁን ስለ ጎረቤት ውሻ እንኳ አንድ ሰዓት ቢያወራኝ ቁጭ ብዬ አዳምጠው ነበር።

6ኛ. ስድስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም።

ሰሌዳው እኛ ቤት የደረሰ ዕለት እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከላዬ የአምስት ቤት ዜሮ ተደርድሯል። ባለቤቴ ያን ጊዜም ድዱ ቆስሎ ስለነበር ጓዳ ገብቶ ገንፎውን ይጠጣል፤ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ በተንሸራታቹ በር በኩል ይሰማኛል። ከሰው ጋር መብላት ያሳፍርዎታል ወይ የሚለው ሳጥን ላይ ስደርስ እጄ ቆም አለ። «በሁለት ሐሙስ የሚስተካከል ነገር ነው፣ ለምን ገመናችንን ለሰፈር እዘረጋለሁ?» አልኩና ዜሮ ጻፍኩ። ለራሴ አሥራ አራት፣ ለእሱም አሥራ አራት። ማኅተማችንንም አሳረፍኩ። እሱን አልጠየቅኩትም፤ በሩ ሦስት እርምጃ ነው የሚርቀው።

ሲወጣ ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ደህና ነኝ በይኛ!» አለና ሰሌዳውን አንስቶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ራሱ ለሰባተኛው ቤት ወስዶ አቀበለው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ መኪናውን የወሰዱት እርስዎ ቢሆኑም ምክንያቱን ጽፌ የሰጠሁዎ እኔ ነኝ፤ አፍሬበታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ በስሜ የማወጣውም ስለዚህ ነው።

7ኛ. ሰባተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ባለፈው ሰኞ ስለደረሰን ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ግብዣ ነው። ባለቤቴ በመላው ሂናሳካ ዜሮ ካመጡት ሰዎች በዕድሜ አንጋፋው ሆኖ ስለተገኘ፣ በመጪው የጥርስ ቀን በከተማው አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቶ በፎቶ አንሺዎች ፊት አንድ ቀይ ፖም ከነልጣጩ በጥርሱ እንዲገምጥ፣ ቀጥሎም «የጤናማ አፍ ምስጢር» በሚል ርዕስ ለአምስት ደቂቃ እንዲናገር በአክብሮት ጋብዘውታል። ፖሙ ልዩ ተመርጦ በፖሟ ከታወቀችው ከአኦሞሪ እንደሚመጣ፣ ጠንካራና ጭማቂው የበዛ እንደሆነም በግርጌው ተገልጿል። ለፖሙ የተደረገው ጥንቃቄ ልቤን ነክቶታል።

እኔ ወዲያው «አሞታል ብዬ እደውልላቸዋለሁ» አልኩት። እጁን አወዛውዞ ከለከለኝ። ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዶ በጡረታው ቀን የለበሰውን ሙሉ ልብስ አወጣና መስኮቱ ላይ ለነፋስ ሰቀለው። እርሳሱን ላቀብለው ስል አልተቀበለኝም። «እሄዳለሁ» አለኝ በአፉ፣ እያፏጨ። «እሄዳለሁ እንጂ። ማይክሮፎን አላቸው።» በሦስት ወር ውስጥ ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። ደስ ይበለኝ ወይ ልፍራ አላወቅኩም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩና ወጣሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጥርስ ቀን ሁለት ሐሙስ አለ። ዶክተር ኡሳሚ የጠየቀችው ልክ ይህንኑ ያህል ነበር። ነጩ መኪና በእነዚያ ሁለት ሐሙሶች፣ ለሰዓታት ብቻ እንኳ ቢሆን፣ መጋዘኑ ፊት ቢቆም ባለቤቴ ጥርሱ ጸንቶለት ይመጣል፤ ፖምዎን ይገምጣል፤ ስለ ክፍልዎም፣ እንደማውቀው ከሆነ፣ በአምስት ደቂቃ የማያልቅ ምስጋና ያወርድልዎታል። ኒሺኖሴዎችን መቀማት ካልፈለጉም እረዳለሁ፤ ሌላ ቀን ይምረጡ፣ ሌላ ሰዓት ይምረጡ፣ እኛ ጡረተኞች ነን። መጠይቁንም እንደገና መሙላት እንፈልጋለን። ለዚህ ይረዳ ዘንድ አርባ አንድ ፖስታ ገዝቼ ትናንት ለዘበኛዎ ሰጥቻለሁ። ማጣበቂያ ያላቸው ናቸው። ወይዘሮ ኒሺዋኪ ለእርሳቸው የተመደበውን ከወዲሁ መርጠው በጥግ በኩል ምልክት አድርገውበታል፤ የሚጽፉት ብዙ ስላለ ትልቁን ነው የፈለጉት።

አንገቴን ከወገቤ ጋር ዝቅ አድርጌ፣ ስስቅም እንደ ልማዴ አፌን በእጄ ሸፍኜ፣ የሦስተኛውን ፎቅ ደጃፍ ከሩቅ እሳለማለሁ። የሚውሉበት ወንበር ይመችዎ፤ የሚቆረጥሙት ሁሉ ይቆረጠምልዎ።

ከችግር ሁሉ ነፃ መሆኗ በከተማው መዝገብ የተረጋገጠላት፣ ከአርባ አንዱ ዜሮዎች አሥራ አንደኛዋ፣

ኦሪካሳ ፉሳኤ
ኩሪባታ ሰፈር፣ ስድስተኛ ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለቱ ሐሙሶች እንዲሁ ባዶ ቢያልፉም ባለቤቴ ከግብዣዎ አይቀርም። ወጥ ቤታችን ውስጥ በሦስት ፖም ሞክረነዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ፖሙ ከአፉ ሲወጣ የታችኛው ጥርስ አብሮት ሄዷል፤ ስለዚህ ፎቶ አንሺው ቀረብ ብሎ እንዲቆም ይንገሩልኝ። ከዚያ ፖሙን ከነጥርሱ እርስዎን ያስይዝዎና ማይክሮፎኑን ተቀብሎ፣ ማንም ያልጠየቀውን አሥራ አራት ጥያቄ አንድ በአንድ ለሕዝቡ ይመልሳል። የመጀመሪያው «በአፍዎ ምክንያት ቃላት ለመናገር ተቸግረው ያውቃሉ?» የሚል ነው። ከሚናገረው አንድም ቃል ካልገባዎ አይጨነቁ፤ መልሱን ነግሮዎታል፣ ሳጥኑ ውስጥ አራት ብለው ይጻፉለት።